ጓሳ፦ የመንዝ ገበሬ የጠበቀው ሣር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ያመራል። መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያዋ ገብስ፣ የመንዝ በግና ከበጉ ጸጉር የተሠራ ባና የማይታጣባት የደጋ ከተማ ናት። ከተማዋ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገዱ አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። ቤት የለበትም፤ እርሻም የለበትም። ጉም ሲወርድበት ደግሞ ጭራሽ ባዶ መስሎ ስለሚታይ ብዙው መንገደኛ ከመኪናው ሳይወርድ ያልፈዋል። ሆኖም ይህ ባዶ የሚመስል መሬት በኢትዮጵያ በሕዝብ ደንብ ሲጠበቁ ከኖሩት ሥፍራዎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ስሙ ጓሳ ሲሆን ይህንንም ስም ያገኘው በብዛት ከሚበቅልበት ሣር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሣሩ መካከል አስታ፣ ጅብራና ጦስኝ ይበቅላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራበታል፤ ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል።

ለመንዝ ሰው ግን ጓሳ ከአውሬው በፊት የኑሮ መሠረት ነው። ቆርቆሮ ሳይስፋፋ የቤት ክዳን ይኸው ሣር ነበር። ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ መጥረጊያም ይታሰርበታል። ተሸክሞ ገበያ ያወጣውም ለጨውና ለዘይት የሚሆን ገንዘብ ያገኝበታል። ውሃውም ሌላው ሀብት ነው። ረግረጉና የሣሩ ሥር የክረምቱን ዝናብና ጉም አምቀው ይዘው ቀስ በቀስ ስለሚለቁት፣ ከዚህ ከፍታ የሚነሱት ምንጮች ገሚሶቹ ወደ ዓባይ፣ ገሚሶቹ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጓሳ ቢራቆት ጉዳቱ የሚደርሰው በመንዝ ገበሬ ላይ ብቻ አይሆንም።

የጥበቃው ታሪክ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ሲሆኑ፣ ጓሳን የመጠቀም መብትም ከእነርሱ በሚቆጠር የርስት ትውልድ ላይ የተመሠረተ ነበር። መተዳደሪያው ቄሮ ይባላል። ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራ ወገን አንድ አለቃ በተጠቃሚው ስምምነት ይመረጣሉ፤ ስማቸውም አባ ቄራ ነው። አባ ቄራው ሜዳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስናል። ሣሩ በሚገባ እስኪያድግ ድረስ መዘጋቱ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘልቅ ነበር። የሚከፈተው በጋው በበረታበት ወቅት ነው። በቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ማገዶም ይለቀማል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ሲገባ ከብቱ ወጥቶ ሜዳው እንደገና ይዘጋል። ጥበቃው የተጠቃሚው ሁሉ ግዴታ ስለነበር ተራውን የሚያሳልፍ አልነበረም፤ ደንብ ጥሶ የገባም ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ምርጫ፣ መተዳደሪያ ደንብና ቅጣት የሚሉትን ቃላት ሲሰሙ ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም።

እዚህ ላይ ንጽጽር ማቅረብ ይጠቅማል። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተከለለው በ1961 ዓ.ም.፣ የሰሜን ተራሮች ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ለጓሳ ደንብ ካወጣ በዚያን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈው ነበር። ያወጣውም ለጎብኚ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ጣሪያና ለከብቱ መኖ ነው።

ይሁን እንጂ ቄሮን እንከን የሌለው ሥርዓት አድርጎ ማቅረብ ከእውነቱ ያርቃል። ዘሩን ከአስቦ ወይም ከጌራ ያልቆጠረ ሰው፣ በሜዳው አጠገብ ቢኖርም እንኳ፣ የመብቱ ባለቤት አልነበረም። ሣሩ የተጠበቀው በጥብቅ ደንብ ነው፤ ደንቡ ጥብቅ ሊሆን የቻለው ደግሞ በከፊል ብዙ ሰው ከበሩ ውጭ ስለቀረ ነው። ዛሬ ስለ ጓሳ የሚጻፈው ሁሉ ይህን ነገር አለፍ ብሎ መሄዱ ተገቢ አይመስልም።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ቄሮም ፈረሰ። ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበራት ተሸጋገረ። ለዘመናት ከደጅ ለቆመው ሰው በሩ ተከፈተለት፤ ይህም ፍትሕ ነበር። ነገር ግን በሩ ሲከፈት ዘበኛውም አብሮ ጠፋ። ያለ ጊዜው ማጨድ፣ ያለ ወቅቱ ከብት ማስገባትና ማገዶ መልቀም በረታ። ገበሬው የራሱ ያለውን ለዘመናት ሲጠብቅ ኖሮ፣ የሁሉም ሲባል ማን እንደሚጠብቀው ግራ ገባው።

የመንዝ ሰው ግን ነገሩን እንደዚያው አልተወውም። ሜዳውን የሚያዋስኑት ገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መዝጋትና መክፈትም በአዲስ ስምና በሰፋ አባልነት ተመለሰ። መብቱ ከዘር ቆጠራ ወጥቶ ነዋሪነትን መሠረት አደረገ። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ወቅት በመንግሥት ዘበኛ ይጠበቁ የነበሩ በርካታ ፓርኮች ሲዘረፉና ሲመነጠሩ ጓሳ በአንጻሩ ተርፏል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ከየቀበሌው የተወከሉ ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ጠባቂዎችና በማኅበረሰቡ የሚተዳደር የእንግዳ ማረፊያም ተደራጁ።

ሣሩ መጠበቁ ለአውሬው ምን እንዳስገኘ ተመራማሪዎች በቅርብ ተከታትለዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም የማይገኝ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ በጠቅላላ ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በጓሳ አንድ አስደናቂ ነገር አመልክቷል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ብቻ። ጭላዳው ቀበሮውን አይሸሽም፤ ቀበሮውም በአብዛኛው ግልገሉን አይነካም። ከብት የሚያግድ የመንዝ እረኛ ሁለቱን አብረው ሲያይ የኖረ በመሆኑ ጥናቱ ያን ያህል ላያስገርመው ይችላል።

ጓሳን ሊጎበኝ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ስለ መንገዱ ሁኔታ ቢጠይቅ ይበጃል፤ በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተነሳው ግጭት የጎብኚውን እንቅስቃሴ ክፉኛ ጎድቶታልና። ጉዞው ከተሳካ በጋው ይመረጣል። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ ያልያዘ መሐል ሜዳ ገበያ ባና ያገኛል። ከአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ ጋር ማልዶ መውጣት ደግሞ ቀበሮውን የማየት ዕድል ይሰጣል። የሚከፈለው ክፍያ ለጥበቃውና ለማኅበረሰቡ የሚውል በመሆኑ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር የለውም። ሜዳው ተዘግቶ ከሆነም እንግዳው ከተፈቀደው መንገድ መውጣት የለበትም፤ በዚያ ወቅት የመንዝ ገበሬ ራሱ ማጭዱን ይዞ አይገባም።