ቴሌግራም ለወላጆች ትምህርት
ትምህርት ቤቶችና የማኅበረሰብ ተቋማት የልጅ አስተዳደግ፣ የጤናና የጥናት ምክር በስልክ ለቤተሰብ የሚያደርሱበት ዘዴ። በኢትዮጵያ ይበልጥ የተለመደው ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተዘጉ በኋላ ነው፤ ማስታወሻና የቤት ሥራ በወላጆች ስልክ ይላክ ጀመር። በቴሌግራም ቻናል የሚለጥፉት አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ናቸው። እስከ 200,000 አባላት የሚይዘው ግሩፕ ግን ወላጆች እርስ በርስ እንዲጠያየቁ ያስችላል፤ ለቤተሰብ ትምህርት የሚበጀውም ይኸው ነው፣ ጥያቄ የማይቀበል ምክር ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራልና። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ትልቁ መሣሪያ የድምፅ መልእክት ነው፤ በአካባቢው ቋንቋ፣ አጠር ተደርጎ ሲቀዳ ይደመጣል፤ ከቪዲዮ ይልቅ ዳታም ይቆጥባል። የሕፃናት ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፈጽሞ ሊለጠፍ አይገባም። ስማርት ስልክ የሌለው ቤተሰብ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ የሚደርሱለት ሬዲዮና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ጉብኝት ናቸው።