በሬና ምንሽር

ልጆች ሆነን ማራኪ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከደንቢያ በኩል ወደ ገበያ የሚመጣውን ገበሬ ትከሻ እያየን መሣሪያ እንቆጥራለን። «ያ ክላሽ ነው!» «ያኛው ምንሽር!» «ኧረ ዱላ ነው፣ አታጭበርብር!» ሰውየው አህያውን ከፊት አስቀድሞ፣ ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ከአፈሙዙና ከሰደፉ ላይ አንጠልጥሎ ይራመዳል። የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ዘመድ ቤት ጎራ ብሎ መሣሪያውን ያስቀምጥና እህሉን ለመሸጥ ባዶ እጁን ይወርዳል። ሕግ አስገድዶት አይመስለኝም፤ በገበያ ግርግር መሃል ጠብመንጃ መጠበቅ ስለሚያስቸግር ነው።

ዛሬ ያንን ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቢኖርም እናቱ ጎትታ ታስገባዋለች።

መሣሪያ ማን ይያዝ፣ የት ይያዝ የሚለው ጥያቄ ለጎንደር አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ በ1847 ዓ.ም.፣ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ አዲሱ ንጉሥ ለመንግሥቱ ረጅም ሪፖርት ጽፏል። ሪፖርቱ እንደሚለው ንጉሡ ሕዝቡን ትጥቅ አስፈትቶ፣ ጠብመንጃ የታጠቀ አንድ መደበኛ ጦር ብቻ የማቆም ሐሳብ ነበረው። ጦርና ጎራዴው ማረሻና ማጭድ ይሆናል፤ የእርሻ በሬም ከጦር ፈረስ በላይ ዋጋ ያወጣል። ይህቺን የበሬ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አልሆነም። ፕላውደን ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ ጎንደር አቅራቢያ በአማፅያን ተጠቅቶ ሞተ። ንጉሡም ገበሬውን ትጥቅ ማስፈታት ቀርቶ የገዛ ጦሩ እየከዳው ሄደና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣ ሽጉጥ ራሱን አጠፋ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እሮጌ ሜዳ ላይ ሠራዊቱን የፈጀው ከኋላ የሚጎርሰው የእንግሊዞች ጠብመንጃ ነበር። እኛም ስሙን ወስደን ሰናድር አልነው። ለነገሩ የጠብመንጃ ስሞቻችን የውጭ ግንኙነት ታሪካችን ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ቤልጅግም አገሩን በስሙ ተሸክሞ ይዞራል።

መሣሪያውን የሚሸጡልን ሰዎች ሕግም ያወጡልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ከሰሜን 20 ዲግሪ እስከ ደቡብ 22 ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠብመንጃ እንዳይገባ ይገድባል። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው ተባለ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው መሣሪያ ለብቻቸው ተዋዋሉ፤ በ1930 ደግሞ ኢትዮጵያም ያለችበት ሌላ ውል ተፈረመ። የዚህ ሁሉ ወረቀት ፍሬ በ1927 ክረምት ታየ። ጣሊያን ጦሯን ኤርትራና ሶማሊያ ላይ ስታከማች እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አለች። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። እኩል ክልከላ ማለት ይህ ከሆነ እግዜር ይስጥልን ነው።

የአገሬ ሰው ትጥቅ አስፈቺ ሲባል ቀድሞ የሚያስታውሰው ጣሊያንን ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ ነገሩን አበላሽቶታል። ከ1928 ወዲያ ጣሊያኖች ገበሬው ጠብመንጃውን እንዲያስረክብ አዘዙ። ያስረከበ ነበር፤ ዋሻ ውስጥ የደበቀም ነበር። በጎጃምም በበጌምድርም አርበኝነቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ትእዛዝ ነው። ስለ አሞራው ውብነህ በእኛ በኩል ሲወራ ያደገ ልጅ፣ መሣሪያውን ያልሰጠው ሰው አገር እንዳዳነ አድርጎ ነው የሚሰማው። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ደግሞ የጣሊያን ጠብመንጃ በየጎጆው ገባ። ከዚያ ወዲያ የመጣ መንግሥት ሁሉ «አስመዝግብ» ባለ ቁጥር፣ ገበሬው የሚሰማው «አስረክብ» የሚለውን ነው።

በጎጃም ይህ በግልጽ ታየ። በ1960 ዓ.ም. የተነሣው አመፅ ዋና ምክንያቱ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ቢሆንም፣ በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ ከቀረቡት ቅሬታዎች አንዱ የመሣሪያ ምዝገባው ነበር። ገዢው ተነሡ፣ ግብሩም ላላ። ደርግ ሲመጣ ምዝገባው አሰሳ ሆነ፤ በ1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት እንደተፈተሸች የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም።

የሚገርመኝ የወንጀል ሕጉ ራሱ ነገሩን በቀላል ማየቱ ነው። በ1996ቱ ሕግ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአንቀጽ 808 የሚገኝ ደንብ መተላለፍ ነበር። ጉዳዩን ለብቻው የሚገዛ አዋጅ የመጣው ገና በ2012 ዓ.ም. ነው፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ፈቃድ የሌለው አይይዝም፤ ፈቃድ ያለውም እንዳሻው ይዞ አይዞርም። አዋጁ ስለ ልማድም ያነሣል፤ መሣሪያ መያዝ ባህል የሆነበት አካባቢ መኖሩን አልካደም። ሲወጣ ጥሩ ሕግ ነው ብዬ ነበር፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት የት እንደምትወድቅ የሚያውቅ የለም። በጥምቀት ሰሞን ተኩስ ክልክል ነው ሲባል ጎንደሬ ሊያጉረመርም አይገባም።

አሜሪካኖች በሰኔ 2014 በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መሣሪያ በአደባባይ ስለመያዝ ሲሟገቱ፣ ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በ1328 እንግሊዝ ውስጥ በወጣ ሕግ ትርጉም ላይ ሳይቀር ተከራክረዋል። ወይ ጉድ! የእነሱ ጭቅጭቅ ስለ ወረቀት ነው። የእኛ ጭቅጭቅ መንግሥት ትናንት ምን ብሎን ነበር የሚል ነው።

ምክንያቱም አዋጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግቦ ሰፈሩን ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ ጠየቀ። በእኛም በኩል ያለው ታጠቅ፣ የሌለው ከየትም ፈልግ የተባለበት ሰሞን ነበር። መጋቢት 28 ቀን 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች መልሰው እንዲደራጁ ተወሰነ፤ ትጥቅ ልትፈቱ ነው የሚል ወሬም አብሮ ተነዛ። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ሌላ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ያለውን እየኖርንበት ነው፤ ታሪክ ብዬ ለመጻፍ ድፍረቱ የለኝም።

ወገራ ያለው አያቴ አንዲት ቤልጅግ ነበረችው። ከጠብመንጃዋ ይልቅ የሚሳሳው ለአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ውስጧ የምዝገባ ወረቀቶች አሉ፦ አንዱ የንጉሡ ዘመን፣ አንዱ የደርግ፣ አንዱ የኢሕአዴግ። የሦስቱም ማህተም ክብ ነው፤ የሦስቱም ቀለም ደብዝዟል። «ያልተመዘገበች መሣሪያ የሌባ ናት» ይል ነበር። በአዋጅ አምኖ የሞተ ሰው ነው።

አጎቴ ግን በ2014 ክላሽ የገዛው አንድ በሬ ሸጦ ነው። ቴዎድሮስ የተመኘው ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። ባለፈው ስልክ ደውሎ ስለ አዋጁ ጠየቀኝ። «አንተ የተማርከው፣ ልማድ የሚለው ቃል የቱ ጋ ነው ያለው? አንብብልኝ እስቲ።» አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ይኼን ኬላው ላይ የቆመው ልጅም አንብቦታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወሬ ለመቀየር ስለ እርሻው ጠየቅኩት። አንድ በሬ ስለቀረው ዘንድሮ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ እያረሰ ነው፤ ተራው ማክሰኞና ሐሙስ ነው።