የጨፌው ሣርና የጨፌው ወፍ፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ በርጋ

ሣር ከሌለ ከብት፣ ከብት ከሌለ ወተት እንደማይኖር ለማኅበራችን አባላት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይሁንና ሣሩ የሚበቅልበት ጨፌ የራሱ ታሪክ እንዳለው፣ ታሪኩም ከቀዬአችን አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ እንደሚዘልቅ የምናውቅ ብዙ አይደለንም። ይህ የበዓል እትም ያለፈውን መለስ ብለን የምንቃኝበት በመሆኑ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ስላሉት ጨፌዎችና በውስጣቸው ስለሚኖሩት አእዋፍ ጥቂት ልንል ወደድን።

ጨፌና አባቶቻችን

ጨፌ በአፋን ኦሮሞ ውሃ የሚተኛበትና ለምለም ሣር የሚበቅልበት መስክ ማለት ነው። የገዳ አባቶች ለሸንጎ የሚቀመጡት በዚህ ዓይነት መስክ ላይ ስለነበር ጉባኤው ራሱ በዚህ ስም ተጠርቷል፤ የክልሉ ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። ለእንቁጣጣሽ በየቤቱ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ፣ በኢሬቻ ዕለት በእጅ የሚያዘው እርጥብ ሣር የሚገኘውም ውሃ ካለበት መሬት ነው።

የጨፌው ጥቅም በዚህ አያበቃም። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በማቆየት በበጋ ቀስ በቀስ ይለቀዋል፤ ደለሉን አጣርቶ ያስቀራል፤ የምንጮችና የጉድጓዶች ውሃ ቶሎ እንዳይነጥፍ ይረዳል። ከሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ውሃ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ከቡራዩና ከሰበታ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። የአዲስ አበባን ሕዝብ ለረጅም ዘመን ያጠጣው የገፈርሳ ግድብም በቡራዩ በኩል የሚገኝ ነው። በገፈርሳና በሱሉልታ የሚታየው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይኖርም። የአውሮፓና የእስያ ብርድ ሲበረታ ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች ወደዚሁ አካባቢ ይመጣሉ።

ተፈጥሮን መንከባከብም ከውጭ የመጣ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ሲነገር ኖሯል።

ከጫጩት የማትበልጠው ወፍ

ከጨፌው አእዋፍ ሁሉ ጎልቶ ሊነገርላት የሚገባው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባለው ወፍ ናት። ቁመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሣር ለሣር ስለምትሄድ በቀላሉ አትታይም፤ ነጩ የክንፏ ምልክት የሚገለጠው ተነሥታ ስትበር ብቻ ነው። በዓለም ላይ በዋናነት የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ስለተገመተ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግባለች።

ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። በአገራችን ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሱሉልታ ሜዳ መገኘቷ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ግን ለበርካታ ዓመታት ስለ እርሷ የሚሰማ ነገር እጅግ አነስተኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባደረገው ክትትል፣ ወፏ እ.ኤ.አ. በ1997 በበርጋ ጨፌ ተገኘች። በርጋ ከቡራዩ የአምቦን መንገድ ይዘን ወደ ምዕራብ ስንጓዝ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም አካባቢ የሚገኝ የጎርፍ ሜዳ ነው። ወፏ እዚያ የምትፈለፍለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ጨፌው ውሃ ይዞ ሣሩ ከፍ ሲል ነው። ለብዙ ዓመታት የመራቢያ ቦታዋ ኢትዮጵያ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት በተባለ ረግረግ መራባቷ በካሜራ ተረጋገጠ። ይህም ቢሆን የእኛን ጨፌ ዋጋ አይቀንሰውም፤ ወፏ ያሏት ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና።

በርጋ ምን አደረገ?

የወፏ ጎጆ መሬት ላይ የሚሠራ በመሆኑ በክረምት ከብት ከተሰማራበት ይረገጣል፤ ሣሩም ካለጊዜው ከታጨደ መሸሸጊያ ታጣለች። በበርጋ የአካባቢው ነዋሪዎች ተሰባስበው በመራቢያዋ ወራት የጨፌው ክፍል ከከብት እንዲጠበቅ ተስማሙ። የደቡብ አፍሪካው የሚድልፑንት ረግረግ ማኅበር ከኢትዮጵያው ማኅበር ጋር በመተባበር በአካባቢው ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረዳ። የአንዲት ትንሽ ወፍ መገኘት ለገበሬው ልጆች የመማሪያ ክፍል አስገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጨፌውን መከልከል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ድርቆሽ የሚፈልግ ገበሬ ሁሉ በክረምት ሣሩን ከልክሎ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ያጭዳል። ይህ የአባቶቻችን ልማድ ወፏ ጫጩቶቿን አሳድጋ ከምትሄድበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በመሆኑም የወፏ ጥበቃና የድርቆሹ ጥቅም የሚጣሉ ሳይሆኑ በአንድ ክልከላ የሚገኙ ናቸው።

ሱሉልታ ምን ያስተምረናል?

የሱሉልታ ድርቆሽ ለአዲስ አበባ ከብት አርቢዎች ስሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሜዳው እንደ ድሮው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ የወል ግጦሽ በገበሬ ማኅበራት ሥር ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ የጨፌው ዳር ዳር ታረሰ፤ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፤ የቀረው ከአቅሙ በላይ ተጋጠ። ከዚያም መኖሪያ ቤትና ፋብሪካ ተከተለ፤ በሰበታና በሆለታ በኩል የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል።

ልማቱን የሚጠላ የለም። ችግሩ ጨፌን በበጋ አይቶ ባዶ መሬት ነው ብሎ መቁጠሩ ላይ ነው። በየካቲት ደርቆ የሚታየው ሜዳ በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል። እዚያ ላይ ቤት የሠራ ሰው ጎርፉን ይቀበላል፤ ድርቆሹን ያጣ አርቢ ደግሞ መኖ በገንዘብ ይገዛል። የገጠመን ኪሳራ እንግዲህ የወፍ ብቻ ሳይሆን የወተትም ጭምር ነው።

ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ይጠበቃል?

አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ መብት ሰጥተዋል። ጨፌ በሚገኝበት ቀበሌ ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት የክልከላውን ወራት፣ የአጨዳውን ቀንና የአጥፊውን ቅጣት በደንባቸው ቢያሰፍሩ፣ ድርቆሹንም በጋራ አስረው ቢሸጡ፣ ሣሩ ከመራገጥ ይድናል፤ የአባሉም ገቢ ያድጋል። የአካባቢ አስተዳደር አካላት በበኩላቸው መሬት ከመመደባቸው በፊት ሜዳውን በክረምት ወርደው ሊያዩትና የጨፌውን ወሰን በፕላን ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል። ወጣቶችም ወፎቹን መቁጠርና እንግዳ መምራት ቢለማመዱ ለራሳቸው የሥራ በር ይከፍታሉ።

አባቶቻችን በጨፌው ላይ ተቀምጠው ሕግ ያወጡ ነበር። የእኛ ጉባኤ ደግሞ ለጨፌው ለራሱ ሕግ ቢያወጣ፣ ለመጪው የምሥረታ በዓል የምናወርሰው ሣርም ወፍም ይኖረናል። መልካም በዓል!