ትንቢቱ የማን ነበር?

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ «ማክቤዝ»ን ያወቁት በጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ትርጉም ነው። በዚያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በሦስቱ ጠንቋዮች ላይ ጭነን መጽሐፉን ዘጋነው። ከታሪክ መዝገብ ጋር አስተያይተን ስንመለከተው ግን ፍርዳችን የችኮላ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጠንቋዮቹ ማክቤዝ የኮውደር ጌታ፣ በኋላም ንጉሥ እንደሚሆን ነገሩት። ንጉሥ ዳንከንን ግደል ያለችው ግን አንዲትም የለችም። የመጀመሪያው ቃል ወዲያው መፈጸሙ ሁለተኛውን አሳመነው፤ ሐሳቡን ከጩቤ ያደረሰችው ደግሞ ሚስቱ ናት። እርሷ ትንቢት አልተናገረችም። ባሏ ባመነታ ጊዜ በወንድነቱ መጣችበት፤ በጀግንነቱ የሚኖርን ወታደር ፈሪ ማለት ምን እንደሚያደርገው ታውቃለችና።

በታሪክ የምናገኘው ማክቤዝ ሌላ ሰው ነው። ዳንከን እ.ኤ.አ. በ1040 የሞተው በእንግድነት በተኛበት አልጋ ላይ ሳይሆን በሰሜን ስኮትላንድ በኤልጊን አጠገብ በተደረገ ውጊያ ነው። ማክቤዝ 17 ዓመት ገዛ፤ በ1050 ወደ ሮም ተጉዞ ለድሆች ገንዘብ መበተኑ ተመዝግቧል። ሦስቱ ሴቶች የመጡት ከ350 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1420 ገደማ በተጻፈ ዜና መዋዕል ውስጥ ነው፤ ያውም በሕልም። በ1527 ሄክተር ቦይስ በአካል አስመጣቸው፤ የስቱዋርት ነገሥታት አባት ነው የተባለውን ባንኮንም አብሮ አቆመ። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ከሆሊንሼድ መጽሐፍ ነው። እዚያ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ሲሆን ማክቤዝም አሥር ዓመት በፍትሕ ገዝቷል። ትያትሩ በተጻፈበት በ1606 ገደማ ግን በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ስቱዋርቱ ጄምስ ነበር፤ የባንኮ እጅ ከደሙ ነጻ ወጣ፣ አሥሩም ዓመት ተሰረዘ። በዚያው አገር ከ1581 ጀምሮ የንግሥቲቱን ዕድሜና አልጋ ወራሽ በትንቢት መመርመር በሞት ያስቀጣ እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ቤተ መንግሥቱ ትንቢትን ይፈራ ነበር፤ ለራሱ ሲሆን ግን ይወደው ነበር።

በስደት ለምንገኘው ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበን በእንግሊዝ አገር የሚካሄደው ትዕይንት ነው። ማክደፍ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወደ ስደተኛው ማልኮም ይመጣል። ማልኮም ግን በማክቤዝ ሰላዮች ተሰላችቷልና አያምነውም፤ እኔ ሴሰኛ ነኝ፣ ስስታም ነኝ እያለ በራሱ ላይ ይዋሻል። ማክደፍም ሴሰኝነቱን ይታገሣል፣ ስስቱንም ይታገሣል! ለአንድ አልጋ ወራሽ ሲባል ምን ያህል እንደሚዋጥ እያየን አፍረናል። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አልቆ ስለ አገሩ ሲያለቅስ ማልኮም ውሸቱን ያነሣል። መልካሙም ወገን በማታለል ሠርቷል፤ ከዚህም በኋላ ወዲያው የማክደፍ ቤተሰብ መታረዱ ይነገራል። ማክደፍ ለምን ጥሏቸው እንደመጣ ጸሐፊው በቂ ምክንያት አልሰጠንም፤ እኛም ልናመካኝለት አንደፍርም።

በእውነተኛው ታሪክ ማክቤዝ በ1057 በላምፋናን ከማልኮም ወገን ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ዙፋኑ ግን ወዲያው ለማልኮም አልሆነም። የማክቤዝ ሚስት ከቀድሞ ባሏ የወለደችው ሉላክ ነገሠና በ1058 ተገደለ። በትያትሩ ውስጥ ስሙ የለም፤ ትንቢትም አልተነገረለትም።