የልብ በሮች ኢንፌክሽን፦ ከማይድን ሕመም እስከ ክኒን

የልብ አራት በሮች (ቫልቮች) ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ፣ አልፎ አልፎም ፈንገስ፣ በእነዚህ በሮች ላይ ሲሰፍር የሚከሰተው ሕመም ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። ተህዋሲያኑ ከረጋ ደም ጋር ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ቁራጩ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ስትሮክ ያስከትላል፣ በሩ ቢበሳ ደግሞ ልብ ይደክማል።

ይበልጥ የሚጋለጡት ሰው ሠራሽ በር የተተከለላቸው፣ ከዚህ በፊት በዚሁ ሕመም የተያዙና በሮቻቸው በሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዱ ሰዎች ናቸው። የመጨረሻው በልጅነት በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመነጭ ሲሆን በኢትዮጵያ ዛሬም የብዙ ወጣቶችን ልብ ይጎዳል።

ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር በ1885 በለንደን በሰጣቸው ትምህርቶች ሕመሙን በዝርዝር ቢገልጽም መድኃኒት ግን አልነበረም። የሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር በ1911 ኒውዮርክ ሳለ በደሙ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ ተገኘ፤ ምርመራው ትክክል ነበር፣ ሕክምናው ግን ገና ስላልተገኘ በዚያው ዓመት ቪየና ውስጥ አረፈ። ሁኔታውን የለወጠው በ1940ዎቹ የመጣው ፔኒሲሊን ነው።

ይሁንና በበሩ ላይ ያደገው ጥጥር የራሱ የደም ሥር ስለሌለው መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ሕክምናው በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። በሩ ክፉኛ ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በ2018 ይፋ የሆነ የዴንማርክ ጥናት 400 ሕሙማንን አሳትፎ፣ ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ታክመው ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሰዎች ቀሪውን ሕክምና በክኒን መጨረስ በደም ሥር ከመቀጠል እንደማያንስ አሳይቷል። ውጤቱ የሚመለከተው በጥንቃቄ የተመረጡትን ብቻ ነው፤ ክኒኑን ከፋርማሲ ራስ ገዝቶ ለመዋጥ ፈቃድ አይደለም።

እንዲያውም ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ይፈጸማል። ሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ደም ሳይሰጥ አንቲባዮቲክ ከጀመረ፣ ተህዋሲው በደም ካልቸር ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ሐኪሙም ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ይቸገራል። ስለዚህ ደሙ አስቀድሞ፣ ከተለያየ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ከዚያም በሮቹ በልብ አልትራሳውንድ ይታያሉ። ሰው ሠራሽ በር ያለው ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ይህንኑ ማሳወቅ አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።