ጎማው ሲያድግ ማርሹም ይከተል፦ የጎጃም መንገድ ለመኪና ያስተማረው

የዘንድሮው የተመራቂዎች መጽሔት አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን፤ ከሆስፒታል ወጣ ቢል ይመረጣል» ሲሉኝ ስለ ጎማ እጽፋለሁ አልኳቸው። ሳቁ። ሐኪምን ከአክስልና ከማርሽ ምን አገናኛት ማለታቸው ነው። ደብረ ማርቆስንና ዙሪያዋን የሚያውቅ ሐኪም ግን አይስቅም። እዚያ አገር ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚፈለገው መኪናው ነው።

በእናቶች ጤና ትምህርት ሁላችንም የተማርናቸው ሦስት መዘግየቶች አሉ። ታዲየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፏቸው ናቸው፦ ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። እኛ ስለ አንደኛውና ስለ ሦስተኛው ብዙ እናወራለን። መካከለኛውን ለሹፌሩና ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ ትተነዋል። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ ደም የሚፈሳት እናት ግን ካልታከመች በሁለት ሰዓት ገደማ ልትሞት ትችላለች። ሁለት ሰዓት ደግሞ በክረምት፣ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር መንገድ ላይ ምንም ማለት አይደለም።

አሁን አሁን ከዚህ ችግር ጋር አብሮ የሚነሣ ሐሳብ አለ፦ «ትልቅ ጎማ ይታሰርለት፣ ጭቃውን ሰንጥቆ ይወጣል»። ለገጠር ጤና ጣቢያ መኪና መስጠት የሚፈልጉ ወዳጆቻችን፣ በተለይ በውጭ አገር ያሉት፣ ከፍ ያለና ጎማው የሰፋ መኪና ሲያዩ ልባቸው ይደነግጣል። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ጎደሎ ግን ነው። የጎደለውንም ታሪክ ያሳየናል።

መጀመሪያ ስለ አገሩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ የዓባይ ሸለቆ አለ፤ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን ላይ እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዝ፣ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚጥልና መልሶ የሚያስወጣ መንገድ። ከወጡ በኋላ ደግሞ ሜዳው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ከዚያ በላይ ጮቄ አለ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህሉን እዚያ ያጣል። እንግዲህ ቁልቁለት፣ ዋልካና ቀጭን አየር ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው። መኪና ከሦስቱ አንዱን እንዲያሸንፍ ብቻ ሲሠራ በሌሎቹ ይሸነፋል።

በብዛት መኪና ይዞ ጎጃም የገባው የፋሺስት ጦር ነው። የአኪሌ ስታራቼ ጦር በጭነት መኪና ተጭኖ ከአሥመራ ተነሣና መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ በግንቦት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ወሩን ልብ በሉ። ግንቦት ማለት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ዝናቡ ሲመጣ መኪናው ቆመ፤ ጦሩም ከከተማና ከዋና መንገድ ርቆ ጎጃምን መግዛት አልቻለም፤ ገጠሩ የአርበኞች ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የዊንጌት ጌዴዎን ጦር ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ ደግሞ ስንቁን በዋናነት የጫነው በግመል ነበር። ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ተነሡ፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ ከኋላቸው የቀረው መንገድ በግመል አጥንት የተሞላ ነበር። ግመሉ ለአሸዋ የተፈጠረ ነው፤ ደጋ አልተስማማውም። ለቦታው ያልተሠራ እግር፣ የሥጋም ይሁን የጎማ፣ ውጤቱ ያው ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገዱም ቀስ በቀስ ተሻሻለ። ያን መንገድ የተቆጣጠረው መኪና የጣሊያኑ ፊያት 682 ኤን 3 ነበር፤ እኛ ኤንትሬ የምንለው። ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ስንሰማቸው የምንውል ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት የጣሊያን ቅሪቶች ናቸው። ኤንትሬ አይፈጥንም። ሹፌሮች የወደዱት ግን ዓባይን በከባድ ማርሽ እያጓራ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። ጎማው፣ ማርሹና ፍሬኑ በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ነበሩ።

የእኛ ትምህርት ቤትም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዓላማው ሐኪም ከተማ ተቀምጦ በሽተኛ እንዲጠብቅ አልነበረም፤ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ነበር። ቲቲፒ የወጣ ሁሉ ይህን አይረሳም። ለእኛ የመኪና ታሪክ የጤና ታሪክ አካል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የደርግ ዘመን ነው፤ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ዚልና ኡራል መጡ። ትልቅ ጎማ ማሰር ምን እንደሚጠይቅ የነዚህን መኪኖች አወላለድ ያህል የሚያስረዳ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች የሠሩት ዚስ 151 ከኋላ ጥንድ ጥንድ ቀጫጭን ጎማ ነበረው። የኋላው ጎማ የፊተኛውን ፈለግ ስለማይከተል ለራሱ አዲስ ጭቃ ይከፍታል፤ በጥንዶቹ መሐል ጭቃና ድንጋይ ይሰነቀራል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተካው ዚል 157 ጥንዱን አስቀርቶ ነጠላ ትልቅ ጎማ አደረገ፤ የፊትና የኋላውን ፈለግ አንድ አደረገ፤ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ የጎማውን አየር የሚቀንስበትና የሚጨምርበት ዘዴም ገጠመለት። ከባዱ ክራዝ 214 እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ክራዝ 255 ሲያድግ ደግሞ ጎማው ሰፋ፣ ሞተሩም ከ205 ወደ 240 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ልብ በሉ፣ ጎማው ብቻውን አላደገም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ገጠር ጤና ጣቢያዎቻችን የሚያውቁት ላንድ ክሩዘር፣ ያ ረጅሙ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 7.50 በ16 ጎማ አለው፤ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዲፈረንሻሉ 4.1 አካባቢ ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር የማስተላለፊያው ዘንግ አራት ጊዜ ከምናምን ይዞራል ማለት ነው። አሁን 89 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ገበያው ባለ 35 የሚለውን ጎማ እንሰርለት። ምን አተረፍን? መኪናው ከመሬት የሚነሣው በልዩነቱ ግማሽ ነው፦ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ምን ከሰርን? ጎማው 11 በመቶ ስለጨመረ 4.1 የነበረው ማርሽ 3.7 የሆነ ያህል ይሰማዋል። በቀጭን አየር የደከመው ሞተር ላይ ይህ ሲጨመር ሹፌሩ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን እያሸ ይነሣል፤ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 89 ይሄዳል።

የሚያስፈራኝ ግን ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። በዚያው ማርሽ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ፍሬኑም ረጅም ክንድ ያለውን ጎማ ለማቆም በዚያው ልክ አብልጦ መሥራት አለበት። ጎማው ራሱ ከባድ ነው። ዓባይን እየወረዱ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሆን ለመንገደኛ አይነገርም፤ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው አነጋገር ከዚህ ዓይነት ቦታ የመጣ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጤና ጣቢያ፣ በእርዳታ የመጣ ባለ ትልቅ ጎማ መኪና አየሁ። ሹፌሩ «ዶክተር፣ ጭቃው ላይ አንበሳ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ታቦት ጠርቼ ነው የምወርደው» አለኝ። ከኋላ የምትተኛው ወላድ ታቦት የምትጠራበት ሌላ በቂ ምክንያት አላት።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛው መንገድ ዲፈረንሻሉን መቀየር ነው። ከላይ ላለው ጎማ 4.56 ገደማ የሆነ ማርሽ የድሮውን ጉልበት ይመልሳል። በጥርስ ብናየው፣ 41 ጥርስ ያለውን ትልቁን ማርሽ የሚያዞረው ትንሹ ከ10 ጥርስ ወደ 9 ይወርዳል። ጥርስ ሲያንስ ትንሹ ማርሽ ራሱ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ጭነት የሚሸከም መኪና ላይ ወፍራም አክስል ይጠይቃል። ፎር ዊል ከሆነ ደግሞ የፊትና የኋላው እኩል መቀየር አለበት፤ አንዱ ብቻ ቢቀየር ፎር ዊል ሲገባ ሁለቱ ይታገላሉ፣ አንዱ ይሰበራል። ፍሬኑና ባሌስትራውም ይታያሉ።

ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ለዚህ የታሰበ አክስል ነው። ጀርመናዊው አልበርት ፍሪድሪክ ከጦርነቱ ማግስት ያሰበውና እ.ኤ.አ. በ1948 ማምረት የተጀመረው ዩኒሞግ አክስሉን ከጎማው መሐል ከፍ አድርጎ፣ የመጨረሻውን ማርሽ ጎማው ጋ አስቀመጠው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ኃይሉ የሚበዛው መጨረሻ ላይ፣ ጎማው ዘንድ ስለሆነ ዲፈረንሻሉና ዘንጎቹ ቀላል ሸክም ይይዛሉ፤ አክስሉም ከመሬት ይርቃል። አክስሉን ከፍ ሳያደርግ የመጨረሻውን ማርሽ ጎማው ውስጥ የሚያስገባ አሠራር ደግሞ በግንባታ ሥራ ላይ ባሉት ብዙ ሲኖትራኮች ውስጥ አለ። ሰው ግን ትልቅ ጎማውን እንጂ ውስጡን አያይም።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ አዳረሰ፤ የእናቶች ማቆያ ቤቶችም በየጤና ጣቢያው ተሠሩ። ሁለተኛውን መዘግየት የቀነሱት እነዚህ ናቸው። ቃሬዛ ግን አልቀረም። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ዋልካው ያው ዋልካ ነው፤ ጎረምሶች ወላድ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ የሚሮጡበት ቀበሌ ዛሬም አለ። ስለዚህ ጥሩ መኪና ያስፈልገናል። ክርክሬ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ላይ ነው።

ታዲያ ለኅብረታችን አባላት ልመናዬ አጭር ነው። ለጤና ጣቢያ መኪና ልናዋጣ ስንነሣ ከፎቶግራፉ በፊት እነዚህን እንጠይቅ። ጎማው ከፋብሪካው ልክ በስንት ይበልጣል? ማርሹስ አብሮት ተቀይሯል? የፊትና የኋላው እኩል ነው? ፍሬኑ ተሻሽሏል? ይህ ጎማ ሲፈነዳ ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ገበያ ላይ ይገኛል? ቃሬዛ ይዞ ለመውጣት ወለሉ አልረዘመም? ለአንዱም መልስ ከሌለ፣ በፋብሪካ ልኩ ያለ ላንድ ክሩዘር፣ ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ፣ ሰንሰለትና አካፋ ይበልጣል። የተረፈው ገንዘብ ለማቆያ ቤቱ ይሁን፤ ምጧ ሳይመጣ አስቀድማ የደረሰች እናት ዋልካውን በሌሊት አታቋርጥም።

የምሕንድስና ፋኩልቲ መምህራኖቻችን ይህን ካነበቡ፣ ቁጥሮቼን ይመርምሩልኝ። ከዚያም አንድ ከሰዓት መድበው ከወረዳ አምቡላንስ ሹፌሮች ጋር ይቀመጡ። እኔ ያየሁት ከኋላ ወንበር ሆኜ በሽተኛ ይዤ ነው። እነሱ መሪውን ይዘው ያዩት ይበልጣል፤ እስካሁን በደንብ የጠየቃቸው ግን የለም።