ፍጥነት ወይስ ጽናት? የስቴሽን ዋገንና የመስክ መኪና ታሪክ

አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን አዘጋጅቶ መኪና ለመግዛት ሲነሣ፣ ምርጫው ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ተሽከርካሪዎች ላይ ያርፋል። አንደኛው ዝቅና ረዘም ብሎ የተሠራው፣ ሰውንና ጓዝን አንድ ላይ ይዞ በአስፋልት ላይ የሚከንፈው ምቹ ስቴሽን ዋገን ነው። ሁለተኛው ከመሬት ከፍ ያለው፣ አራቱም ጎማዎቹ እየገፉት ጭቃና ድንጋይ የማይመልሰው የመስክ መኪና ነው። የሁለቱ ዋጋ በተቀራረበ ቁጥር ገዢው ይበልጥ ያመነታል፤ አንዱ ፍጥነትንና ምቾትን፣ ሌላው ጽናትንና መተማመንን ያቀርብለታልና።

ነገሩ ሲታይ የጣዕም ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሁለቱን አመጣጥ የመረመረ ሰው፣ በምርጫው ውስጥ ከጣዕም ይልቅ የመንገዱ ሁኔታ፣ የተፈጥሮ ሕግና የመንግሥት ደንብ የበለጠ ድርሻ እንዳላቸው ይረዳል። ምርጫው ሲሳሳት ደግሞ ኪሳራው ሁልጊዜ በገንዘብ ብቻ የሚቆም አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ አመጣጥ

ስቴሽን ዋገን የሚለው ስም ራሱ የመኪናውን የመጀመሪያ ሥራ ያስረዳል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ከባቡር የወረዱትን መንገደኞች ከነሻንጣቸው ከጣቢያ ወደ ሆቴልና ወደ መኖሪያ ቤት የሚያደርስ ተሽከርካሪ ነበር። የኋላ አካሉ በአናጢ እጅ ከእንጨት ይሠራ ስለነበር ከፀሐይና ከዝናብ መጠበቅን፣ በየጊዜውም ቫርኒሽ መቀባትን ይጠይቅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨቱ በብረት ተተካ፤ መኪናውም ከጣቢያ አገልጋይነት ወደ ቤተሰብ ንብረትነት ተሸጋገረ። በአውሮፓ ግን ለረጅም ጊዜ የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ዕቃ ማመላለሻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። መርሴዲስ ቤንዝ በ1977 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ የራሱን ፋብሪካ ስቴሽን ዋገን ለመጀመሪያ ጊዜ ባቀረበ ጊዜ፣ ይህ ዓይነት አካል በከበርቴውም ደጃፍ ሊቆም እንደሚችል ተረጋገጠ።

የመስክ መኪናው ትውልድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መንገድ ስለ ነበረ ሳይሆን መንገድ ስላልነበረ የተፈጠረ ነው። በጦርነቱ ዘመን አሜሪካኖች ለሠራዊታቸው የሠሩት ጂፕ፣ ሰላም ከወረደ በኋላ በየአገሩ ተበትኖ ቀረ። ከእነዚህም አንዱ በእንግሊዝ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበሩት ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት በነበራቸው እርሻ ላይ ያገለግል ነበር። ያ ጂፕ ሲያረጅ በምን እንደሚተካ ማሰባቸው ላንድሮቨርን ወለደ። መኪናው ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። በጊዜው ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱም ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ፍጥነት ከማንም አእምሮ አልነበረም፤ የተፈለገው የሚያርስ፣ የሚጎትትና ከማጥ የሚወጣ መሣሪያ ነው።

በጃፓንም ቶዮታ በ1951 ተመሳሳይ መኪና ሠርቶ በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ጣቢያ ድረስ በማውጣት ችሎታውን አሳየ። ይኸው መኪና በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ፤ በኢትዮጵያ የገጠር ጣቢያዎች ሁሉ የሚታወቀው ስምም ይህ ነው።

ከፍታ የሚሰጠውና የሚነሣው

ሁለቱን ዓይነቶች የሚለየው ዋናው ነገር ከፍታ ነው። የመስክ መኪና ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካና ወራጅ ውኃ እንዳይደርስበት ከመሬት ራቅ ማለት አለበት። ጎማው ከጉድጓድ እንዳይነሣ ሞላው ወይም ባሌስትራው ብዙ መተጣጠፍ ይኖርበታል። አክስሉና ሻንሲው መመታትን እንዲችሉ ወፍራምና ከባድ ሆነው ይሠራሉ። እነዚህ ጸጋዎች ሁሉ በአውራ ጎዳና ላይ ወደ ዕዳ ይለወጣሉ።

ይህንን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ለሁለት ተከፍሎ፣ የተገኘው ቁጥር የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ባለው ከፍታ ይካፈላል። ስፋቱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስቴሽን ዋገን የክብደቱ ማዕከል በ54 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ውጤቱ 1.39 ይሆናል። ያው ስፋት ያለው የመስክ መኪና ማዕከሉ 68 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ውጤቱ ወደ 1.10 ይወርዳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው በድንገተኛ መታጠፊያ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ጀምሮ የመገልበጥን አደጋ ለሕዝብ ደረጃ አውጥቶ ሲያሳውቅ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ስሌት ነው። በዚያ መለኪያ አብዛኞቹ የቤት አውቶሞቢሎች ከ1.3 እስከ 1.5፣ ከፍ ያሉት መኪናዎች ደግሞ ከ1.0 እስከ 1.3 ባለው መካከል ይገኛሉ።

አየርም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየር ተቃውሞ በአራት እጥፍ ይጨምራልና፣ ግንባሩ ሰፊና ቀጥ ያለ መኪና ከነፋስ ጋር በሚያደርገው ትግል ነዳጁን ይጨርሳል። በሌላ በኩል ዝቅ ያለው ስቴሽን ዋገን የዝናብ ውኃ በቦረቦረው የገጠር መንገድ ላይ የዘይት ቋቱን በድንጋይ አስመትቶ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚለው ፍርድ መንገዱ ሳይታወቅ ሊሰጥ አይችልም።

ሁለቱን ለማዋሐድ የተደረገ ሙከራ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። መሐንዲሶች ግን ይህንን ለመሞከር አልቦዘኑም። የሮቨር መሐንዲስ ስፔን ኪንግና ባልደረባቸው ጎርደን ባሽፎርድ የነደፉት ሬንጅ ሮቨር በሰኔ 1970 ቀረበ። በባሌስትራ ፈንታ ረጅም መተጣጠፍ ያላቸው ጥምዝ ሞላዎች፣ በአራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ፍሬን፣ ዘወትር በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሥርዓትና ባለ 8 ሲሊንደር የ3.5 ሊትር አሉሚኒየም ሞተር ነበረው። በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር መጓዝ መቻሉ ለመስክ መኪና ያልተለመደ ነበር። ሆኖም ቅንጦት ዓላማው አልነበረም፤ መቀመጫው ከፕላስቲክ የተሠራና ውስጡም በውኃ የሚታጠብ ነበር። በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ–ዳካር ውድድር በመኪና ምድብ ያሸነፈው ይኸው ሬንጅ ሮቨር ነው።

ከሌላው ወገን የመጣው ሙከራ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በ1976 እና 1977 መካከል በነበረው ክረምት የአውዲ መሐንዲሶች በፊንላንድ በረዶ ላይ መኪና ሲፈትኑ፣ አብሯቸው የነበረው 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው ኢልቲስ የተባለ የወታደር የመስክ መኪና፣ ጉልበታቸው ከእርሱ የሚበልጠውን አውቶሞቢሎች ሲቀድም ዮርግ ቤንሲንገር የተባሉት መሐንዲስ ተመለከቱ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ጉልበቱ በሁለት ጎማ ፈንታ ለአራት ተከፋፍሎ ስለነበር ጎማው መሬቱን አይስትም። ይህንኑ አሠራር ወደ ዝቅተኛ አውቶሞቢል ለማዛወር ፈቃድ ጠየቁ። የሙከራው መኪና በጥር 1978 በኦስትሪያ 23 በመቶ ያቀናውን የቱራኸር ሆኤ ዳገት በበጋ ጎማ፣ ያለ ሰንሰለት ወጣ። ውጤቱም በመጋቢት 1980 በጄኔቫ የታየው አውዲ ኳትሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለስቴሽን ዋገን ወዳጆች የታወቀ ነው። በ1994 አውዲ ከፖርሸ ጋር ሆኖ አርኤስ2 አቫንት የተባለውን ስቴሽን ዋገን አወጣ። ሞተሩ 2.2 ሊትር ብቻ ቢሆንም 315 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ቆሞ ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ከ5 ሴኮንድ ተኩል በታች ይወስድበት ነበር፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም ከ260 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚያው ዓመት ቮልቮ በእንግሊዝ የአውቶሞቢል ውድድር ላይ 850 የተባለውን ስቴሽን ዋገን አሰልፎ ተመልካቹን አስደነቀ። እንግዲህ ፈጣኑ የቅንጦት ስቴሽን ዋገን በመንገድ ላይ የሚተማመንበትን ጎማ አያያዝ የተማረው ከመስክ መኪና ነው። የተማረው ግን ጉልበትን ለአራት ማካፈልን እንጂ ከፍታን አይደለም። የአውዲ መሐንዲሶች ጥበብ የተገለጠውም ከመስክ መኪናው የሚጠቅመውን ወስደው የማይጠቅመውን በመተዋቸው ነው።

ሕግ ያዘነበለው ምርጫ

በአሜሪካ የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ሆነ። ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላ፣ በ1975 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች የሚሸጧቸው አውቶሞቢሎች በአማካይ የሚፈጁትን ነዳጅ እንዲቀንሱ አስገደደ። ለአውቶሞቢሎች በ1985 እንዲደረስበት የተወሰነው ልክ በጋሎን 27.5 ማይል፣ ማለትም በ100 ኪሎ ሜትር 8.6 ሊትር ገደማ ነበር። ለቀላል የጭነት መኪናዎች ግን ለብቻው የላላ ልክ ወጣላቸው፤ ከ1996 እስከ 2004 ባለው ጊዜ እንኳ 20.7 ማይል ብቻ ነበር። ስቴሽን ዋገን ከአውቶሞቢል ጎን ሲመደብ፣ የመስክ መኪና ከጭነት መኪና ጎን ተመደበ። ከዚህም የተነሣ ትልቅ ስቴሽን ዋገን መሥራት ለፋብሪካው ሸክም ሲሆንበት፣ ትልቅ የመስክ መኪና መሥራት ቀለለው። በ1983 መጨረሻ ሚኒቫን፣ ቀጥሎም እንደ ጂፕ ቼሮኪና እንደ ፎርድ ኤክስፕሎረር ያሉት መኪናዎች የስቴሽን ዋገንን ቦታ ወረሱ። ገዢው በገዛ ፈቃዱ የመረጠ ቢመስለውም፣ ሚዛኑ ቀደም ብሎ በሕግ አዘንብሎ ነበር።

የዚህ ዋጋ በ2000 ገሃድ ወጣ። በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ በብዛት ይገጠሙ የነበሩ የፋየርስቶን ጎማዎች በፍጥነት ጉዞ ላይ ሽፋናቸው እየተላቀቀ መኪናዎቹ ተገለበጡ። ፋብሪካው በነሐሴ ወር 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ጥሪ አደረገ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱባቸውን አደጋዎች ከእነዚህ ጎማዎች ጋር አያያዘ። ጎማ ሠሪው በመኪናው፣ መኪና ሠሪው በጎማው ላይ ተካሰሱ። ከክርክሩ ባሻገር ግን አንድ እውነት ግልጽ ሆነ፤ ለመስክ የተወጠነ ከፍታ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሲነዳ ለስሕተት የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ1995 በመርሴዲስ መኪና ላይ የጀመረው፣ መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን በመያዝ የሚያቃናው መሣሪያ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አነስተኛ ተሽከርካሪዎች ላይ ግዴታ ሆኖ የመገልበጥ አደጋን በእጅጉ ቀንሷል። ነገር ግን መሣሪያው ተሳፋሪውን እንጂ እግረኛውን ከከፍተኛ ኮፈን አያድንም። በ2023 በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፍ የመንገድ ደኅንነት ተቋም ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ1 ሜትር ገደማ በላይ የሆኑ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅና ዘንበል ያለ ኮፈን ካላቸው በ45 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ ተገልጿል።

የኢትዮጵያ መንገድና የምርጫው ሚዛን

በኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1951 በተቋቋመ ጊዜ፣ ከዋና ዋናዎቹ መስመሮች ውጭ ያለው አገር በክረምት በመኪና የሚደፈር አልነበረም። ለጤና፣ ለእርሻና ለቅየሳ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ባለሙያ ለመሄድ ብቻ ሳይሆን ለመመለስም የመስክ መኪና ያስፈልገው ነበር። በዚህ ረገድ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር የዋሉት ውለታ የሚካድ አይደለም፤ ዛሬም አስፋልት ባልደረሰበት ወረዳ ምትክ አልተገኘላቸውም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በ2014 ሲከፈት፣ ለጭቃ የተሠራው መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት ጎዳና ላይ መታየት ጀመረ። በከተማ ብቻ እየዋለ የሚያድር የመስክ መኪና ደግሞ ባለቤቱን ነዳጅ፣ ሌላውን መንገደኛ ደኅንነት ያስከፍለዋል። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር መሆኑ የክብደታቸውን ማዕከል ዝቅ ቢያደርገውም፣ አጠቃላይ ክብደታቸው ስለሚጨምር ፍሬንና ጎማ የሚሸከሙት ሥራ አልቀለለም።

የሬንጅ ሮቨር አባት የሚባሉት ስፔን ኪንግ በስተርጅናቸው፣ መኪናቸው በከተማ ውስጥ የክብር መታያ መሆኑን በግልጽ ነቅፈዋል። ነቀፋቸው ከማንም ይልቅ ክብደት ያለው ነው፤ ምን ለምን እንደተሠራ ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና። ስለዚህ ምክር የሚጠየቅ ባለሙያ መኪናውን ከማወደሱ በፊት፣ ጎማው በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የሚረግጠው ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። አስፋልት ከሆነ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ስቴሽን ዋገን ሰውንም ጓዝንም በበለጠ ደኅንነት ያደርሳል። ወንዝና ጭቃ ከሆነ የመስክ መኪናው ምርጫው የተገባ ነው፤ አሽከርካሪው ግን ወደ አስፋልት ሲመለስ ከፍታውን አስታውሶ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ይህንን ለገዢው አስቀድሞ መንገር የባለሙያው ግዴታ ነው።